ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሽጉጥ፣ የሁለት ወር ወረቀት

ጋሼ ውሉን ይዘው ነው የመጡት። በእጅ የተጻፈ፣ በአማርኛ፣ ሁለት ገጽ። «እኔ ሻጭ የግል ንብረቴ የሆነውን አንድ ግሎክ ሽጉጥ ከሦስት ካዝና ጋር ለገዢ በ450 (አራት መቶ ሃምሳ) የአሜሪካ ዶላር ሸጬለታለሁ» ይላል። ከታች ገደብ አለው፤ ውሉን ያፈረሰ ወገን ለውል አክባሪው 200 ዶላር ይከፍላል። ቀጥሎ የሦስት ምስክሮች ስም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ያቺ የማትቀር ዓረፍተ ነገር፦ «ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው።»

የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ መሆኑ ነው። እኛ ያለነው ግን ዋሽንግተን ስቴት፣ ከሲያትል ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ። (ዲሲ አላልኩም። የዲሲ ሕግ ሌላ ነው።)

«አንተ ፎርም ትሞላ የለ? እስቲ እየው፣ የጎደለ ነገር ካለ» አሉኝ።

ውሉ ምንም አልጎደለውም። ሊሸጡበት ያሰቡት መንገድ ግን ወንጀል ነበር።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ሥራዬ የታክስ ፎርም ነው፤ ከዚያ በተረፈ ሰው የሚያመጣልኝን ወረቀት አነባለሁ። ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሬያቸው ስለሄድኩበት፣ ሁለቱም ስማችን አይጠራ እንጂ ጻፈው ስላሉኝ፣ እንደሆነው እጽፈዋለሁ። ጊዜው 2025 ነው። የዋሽንግተን ሕግ በየዓመቱ ስለሚነካካ ዓመቱን አስታውሱልኝ።

ሻጩ ጋሼ ናቸው። ከኤርፖርት ታክሲ ይነዱ ነበር፣ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሽጉጡን የገዙት በ2016 ነው፣ ቤታቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ከሱቅ፣ በሕጋዊ መንገድ። አሁን የልጃቸው ልጆች ቤቱን ሞልተውታል። ትንሹ መሳቢያ መክፈት ለምዷል። «ከእንግዲህ እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌባው ሳይሆን ሽጉጡ ነው» አሉ። ገዢው በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ፣ በዲቪ የመጣ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ነው። ትንሽ ሱቅ አለው፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ጋሼ የልጁ የክርስትና አባት ናቸው። ዋጋውን የተስማሙት ቡና ላይ ነው። ገንዘቡን ቆጥሮ ሊሰጥ፣ እሳቸው በፌስታል ጠቅልለው ሊሰጡት። ያለቀ የመሰላቸው እዚያ ላይ ነው።

በብዙ የአሜሪካ ስቴቶች እንዲህ መሸጥ ይቻላል። የፌዴራሉ ሕግ ባክግራውንድ ቼክ፣ ማለትም የገዢውን የኋላ ታሪክ ማጣራት፣ የሚያስገድደው ፈቃድ ያለውን ነጋዴ እንጂ ዕቃውን የሚሸጥ ግለሰብን አይደለም። ግለሰቡን የሚከለክለው ሌላ ነገር ነው፤ የሌላ ስቴት ነዋሪ ለሆነ ሰው በቀጥታ መሸጥ አይችልም፣ መሣሪያ መያዝ የተከለከለ መሆኑን እያወቀ ወይም እየጠረጠረም መሸጥ አይችልም። ዋሽንግተን ላይ ግን በ2014 ሕዝቡ ኢኒሼቲቭ 594ን በድምፁ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ግለሰቦች ሲሸጣጡም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ማለፍና ገዢው መጣራት አለበት። ይህን እያወቀ የጣሰ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ እስከ 364 ቀን እስርና እስከ 5,000 ዶላር ቅጣት ሊያገኘው ይችላል። ከደገመው ከባድ ወንጀል ይሆንበታል።

«እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለ ገዢው።

ሕጉ የቤተሰብ ነገር አለው። ዝርዝሩም ሰፊ ነው፤ ባልና ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ አማችና ምራት፣ አያት፣ የልጅ ልጅ፣ አጎት፣ አክስት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ ሁሉ አለበት። የክርስትና አባት የለበትም። ቢኖርበትም የሚፈቀደው ስጦታ ወይም ውሰት ነው፣ ሽያጭ አይደለም። ጋሼ ዝርዝሩን ሁለቴ አስነበቡኝ። ሁለተኛው ላይ የከፋቸው መሰለኝ።

ቀጥሎ ሱቅ ፍለጋ። የግለሰብ ሽያጭ የማይነኩ ሱቆች አሉ፣ ጣጣ ነው ይላሉ። ሦስተኛው እሺ አለ፣ ለድካሙ 50 ዶላር። ስቴቱ ለማጣራቱ 18 ዶላር ይወስዳል። በስልክ ሰውዬው የጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ገዢው የሥልጠና ወረቀት አለው?» የሚል ነበር። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዋሽንግተን ላይ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው ባለፉት አምስት ዓመታት የደኅንነት ሥልጠና መውሰዱን ማሳየት አለበት። ገዢያችን አልነበረውም። ኢንተርኔት ላይ የሚሰጥም ስለሚያዝ አንድ ማታ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጨረሰው። ልጆችና መሣሪያ፣ አቀማመጥና መቆለፍ፣ ራስን ስለማጥፋት፣ መቼ መተኮስ እንደሚፈቀድ። በማግስቱ ደውሎ ስለ ቁልፍ ሣጥን ዋጋ ጠየቀኝ። ሥልጠናው ቢያንስ ያንን ሠርቷል።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ ሦስታችንም ሄድን። ሽጉጡ ጥይቱ ወጥቶለት፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ በመኪናው ኋላ። ይህን እኔ ነኝ ያስጨነቅኋቸው። የመያዣ ፈቃድ የሌለው ሰው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ በመኪና ይዞ መሄድ አይችልም።

ሱቁ ውስጥ የሚሠራው ልጅ ሽጉጡን አንስቶ ባዶ መሆኑን አየ፣ ገለበጠው። ከአፈሙዙ በታች በኩል፣ ፕላስቲኩ ውስጥ የተቀበረች ትንሽ ብረት አለች። መለያ ቁጥሩ እሷ ላይ ነው። በርሜሉ ላይም፣ ላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይም ተደግሟል። የጋሼን ውል አውጥቼ ከቁጥሩ ጋር ሳስተያየው አልገጠመም። ልቤ ዘለለ። ለካ ጋሼ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ከሣጥኑ ላይ የባርኮዱን ቁጥር ነው የገለበጡት። በዚያ ውል ቢሸጡ ኖሮ፣ በወረቀት ደረጃ የሸጡት ካርቶኑን ነበር።

ከዚያ ልጁ ሦስቱን ካዝናዎች በአንድ እጁ ሰብስቦ ወደ ጋሼ ገፋቸው። «እነዚህ አይሸጡም።»

ግሎክ 19 ከፋብሪካ ሲወጣ ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል። ዋሽንግተን ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ ከልክላለች። በፊት የገዛ ሰው ቤቱ ሊያስቀምጠው ይችላል፣ ለሌላ ግን አያስተላልፍም። ገዢው ዓይኑ ፈጠጠ። «ካዝና የሌለው ሽጉጥ ምን ሊሆነኝ ነው? መዶሻ?» ጋሼ እንደ ነጋዴ ወግ መፍትሔ አመጡ፤ ይሁን፣ ዋጋ አንጻፍበት፣ ምርቃት ነው ብዬ ልስጠው። ተርጉሜ ነገርኩት። ልጁ ሳቀና ራሱን ነቀነቀ። ሕጉ በነጻ መስጠትንም ይጨምራል፤ ምርቃትንም አስቦበታል ማለት ነው። እዚያው ቆመው ዋጋው ወደ 420 ወረደ። ገዢው 10 የሚይዝ ካዝና ሌላ ቀን ከሱቅ ሊገዛ። ሦስቱ ካዝናዎች ወደ ጋሼ ኮት ኪስ ተመለሱ።

ያን ቀን ግን ፎርሙ ጋ እንኳ አልደረስንም። መታወቂያው ላይ ቆመን ቀረን።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛን ሰው ከሁሉ በላይ የሚያደናቅፈው ይሄ ነው። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። የአሜሪካ ፎርም የሚፈልገው የመጀመሪያ፣ የመካከለኛና የመጨረሻ ነው። የገዢያችን አያት ስም ጥምር ነው፣ ገብረማርያም እንበለው። ግሪን ካርዱ ላይ አንድ ቃል ሆኖ በመጨረሻ ስምነት ተጽፏል። መንጃ ፈቃዱ ላይ ግን «ገብረ» ለብቻው ተቆርጦ መካከለኛ ስም ሆኗል፣ «ማርያም» የመጨረሻ ስም፣ የአባቱ ስም ደግሞ የለም። አንዱ መሥሪያ ቤት ሲመዘግበው የሆነ ነገር ነው። እሱም ለዓመታት እንደዚያው ይዞት ዞሯል። ፖሊስ ቢያስቆመው ችግር የለም፣ ባንክም አልጠየቀውም። እዚህ ግን ልጁ ሁለቱን ካርዶች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለ።

እውነቱን ነው። ባክግራውንድ ቼክ የሚፈልገው በስምና በልደት ቀን ነው። የተቆረጠ ስም ይዘህ ከገባህ ወይ የማታውቀው ሰው ሆነህ ትገኛለህ፣ ወይ የማታውቀው ሰው አንተን ሆኖ ይገኛል። በላዩ ላይ መንጃ ፈቃዱ ያሳየው አድራሻ ቱክዊላ ነው፤ ሰውዬው ኬንት ከገባ ዓመት አልፎታል። አድራሻውን ብቻ ቢሆን የመኪናው ሪጅስትሬሽን ያድነው ነበር፣ አዲሱ አድራሻ ስላለበት። ከመንግሥት የተሰጠ ተጨማሪ ወረቀት ለአድራሻ ይቀበላሉ። ለስም ግን ልጁ እምቢ አለ፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እምቢ እል ነበር።

ስለዚህ ጋሼ ሽጉጣቸውን ይዘው ተመለሱ። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ገዢው ግሪን ካርዱንና ፓስፖርቱን ይዞ መንጃ ፈቃዱን አሳረመ። ካርዱ በፖስታ እስኪመጣ ሜይ ገባ።

በመካከል አንድ ፈተና ነበር። ፖርትላንድ የሚኖር የጋሼ ወዳጅ «ወረቀት ካስቸገራችሁ እኔ ነገውኑ መጥቼ በ500 እወስደዋለሁ» ብሎ ደወለ። ፖርትላንድ ኦሪገን ነው፣ ሌላ ስቴት። ሽጉጥ እንዲህ ድንበር አይሻገርም፤ መጀመሪያ በገዢው ስቴት ወዳለ ነጋዴ መላክ አለበት። ጋሼ 500ን ሲሰሙ ትንሽ አሰብ አድርገው ነበር፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 13 ቀን 2025 እንደገና ሄድን። አሁን ፎርሙ ወጣ። የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ የኤቲኤፍ፣ ፎርም 4473 ይባላል። ከሱቅ ሽጉጥ የገዛ ሁሉ የሚሞላው ነው፤ የግለሰብ ሽያጭ መሆኑ የሚታወቀው በአንዲት ትንሽ ሣጥን ላይ በሚደረግ ምልክት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ሱቁ ይሞላል፤ አምራችና አስመጪ፣ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ ዓይነት፣ የጥይት መጠን። የመሣሪያው ብዛት በፊደል መጻፍ አለበት፣ በአሃዝ አይቻልም። ልጁ «አንድ» ብሎ ሲጽፍ ጋሼ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ። «አየህ? በፊደል ነው። እነሱም ያውቃሉ።»

የገዢውን ክፍል ገዢው ራሱ ነው የሚሞላው። ማንበብና መጻፍ የማይችል ከሆነ ሌላ ሰው ሊጽፍለት ይችላል፤ ሻጩ ግን አይሆንም፣ ሁለት ምስክርም መፈረም አለበት። የእኛ ሰው እንግሊዝኛ ያነባል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። እኔ ያልገባውን ቃል በአማርኛ ነገርኩት፣ እስክሪብቶውን አልነካሁም።

የቆመባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ካውንቲ የሚለው ላይ ኬንት ብሎ ሊጽፍ ነበር፤ ኬንት ከተማ ነው፣ ካውንቲው ኪንግ ነው። ከከተማው ክልል ውስጥ ትኖራለህ ወይስ ውጭ የሚልም አለ። ቁመት በጫማና በኢንች። ዜግነት ኢትዮጵያ፣ ከዚያ የግሪን ካርዱ የኤ ቁጥር። የአባቱ ስም አሁን መካከለኛ ስም ሆኖ በቦታው ገብቷል። መካከለኛ ስም የሌለው ሰው ቦታውን ባዶ አይተውም፤ የለኝም የሚል ምልክት አለ፣ ሦስት ፊደል፣ እሱን ይጽፋል። የልደት ቀኑ ደግነቱ በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ነው። በእኛ ሰው ይህ ቀላል ዕድል አይደለም።

ከዚያ አዎና አይ የሚባሉት ጥያቄዎች መጡ። የመጀመሪያው እውነተኛው ገዢ አንተ ነህ ወይ የሚል ነው። በሌላ ሰው ገንዘብ ለሌላ ሰው የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ «አዎ» ካለ ዋሸ ማለት ነው። ከ2022 ወዲህ ደግሞ መግዛት ለማይችል ሰው ተልኮ መግዛት ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ሆኗል፣ እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ስለ ክስ፣ ስለ ፍርድ፣ ስለ ፍርድ ቤት እገዳ ያሉትን በቶሎ አለፈ። ቤት ውስጥ በተነሳ ጠብ የተፈረደበት ሰው ግን እዚህ ጋ ይያዛል፤ ቀላል ጥፋት ነው ተብሎ በቅጣት ያለቀ ቢሆንም።

ዕፅ የሚለው ላይ ቀና ብሎ አየኝ። ጥያቄው ራሱ ማሪዋና በስቴትህ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው ብሎ ያስጠነቅቃል። ዋሽንግተን ከ2012 ጀምሮ ፈቅዳለች። እሱ አያጨስም። ጥያቄው ሌላ ነበር፤ «ጫትስ?» አለኝ በአማርኛ፣ ዝቅ ብሎ። «ወንድሜ የሚቅመውን ማለቴ ነው።» ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። ቅጠል ነው ብሎ መከራከር እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይሠራም። ወንድሙ ቃመ ተብሎ እሱ አይጠየቅም፤ ሽጉጡን ለወንድሙ ቢያውሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። አይ የሚለውን ምልክት አደረገ።

የመጨረሻው መሰናክል ቪዛ የሚለው ቃል ነው። ጥያቄው በጊዜያዊ ቪዛ የገባህ የውጭ ዜጋ ነህ ወይ ይላል። «ቪዛ ነበረኝ እኮ» ብሎ «አዎ» ላይ እስክሪብቶውን ሊያሳርፍ ሲል ቆም በል አልኩት። ዲቪ ጊዜያዊ ሳይሆን የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ ነው። ጥያቄው ስለ ተማሪ፣ ስለ ቱሪስት፣ ስለ መሳሰሉት ነው። አንድ ምልክት ብታጠፋው ኖሮ ሌላ ወር ነበር።

የስቴቱ የሽጉጥ ማመልከቻ ከዚህ ያጥራል፣ አንድ ነገሩ ግን ይከብዳል። ስትፈርም የጤና መረጃህ ለዚህ ማጣራት እንዲታይ ፈቅደሃል ማለት ነው። መሣሪያ ቤት ውስጥ መኖሩ ራስን ከማጥፋትና ከቤት ውስጥ ጥቃት አደጋ ጋር የተያያዘ መሆኑንም በጽሑፍ ያስጠነቅቃል። ገዢው እሱን አንብቦ ትንሽ ዝም አለ። ጋሼ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያዩ ነበር።

አሁን መጠበቅ። አሥር የሥራ ቀን ነው። ጋሼ በጣታቸው ቆጥረው ሜይ 23 አሉ። ቅዳሜና እሑድን ረስተዋል፣ ሜይ 26 ሜሞሪያል ዴይ መሆኑንም። ትክክለኛው ሐሙስ፣ ሜይ 29 ነበር። ሻጩ ከፈለገ በዚህ መካከል መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስና በመጨረሻው ቀን መልሶ ማምጣት ይችላል። ጋሼ «አንዴ ከቤቴ ወጥቷል፣ አይመለስም» ብለው ደረሰኝ ተቀብለው ተዉት።

ገንዘቡ ላይ ግን ክርክር ነበር። ጋሼ ዛሬ ይከፈለኝ አሉ፣ ሰጥቻለሁ እኮ በሚል። እኔ አይሆንም አልኩ። ማጣራቱ «አይፈቀድም» ብሎ ቢመለስ ሱቁ ሽጉጡን ለጋሼ ይመልሳል፤ 420ው ዶላር ደግሞ በልጅ ልጆች ጫማ ላይ ውሎ ይገኛል። ከዚያ የክርስትና ዝምድናው ያበቃል። ዕቃውና ገንዘቡ በአንድ ቀን ይሁን ተባለ።

ሜይ 29 ሄድን። መልሱ «ይቀጥል» የሚል ነበር። ፎርሙ ሲሞላና ዕቃው ሲሰጥ ቀኑ የተለያየ ስለሆነ ገዢው ያኔ የመለስኩት ዛሬም እውነት ነው ብሎ እንደገና ፈረመ። ልጁ ሽጉጡን ከነቁልፍ ማሰሪያው ሰጠው። ከአሥራ አምስት ደቂቃ አልበለጠም።

ሱቁ ፎርሙን ያስቀምጣል። ለሻጩ የሚሰጠው ግን የአገልግሎቱን ደረሰኝ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው የጋሼ ውል ዋጋ ያገኘው። አንድ ሽጉጥ ወንጀል ላይ ቢገኝ መለያ ቁጥሩ ማርቲንስበርግ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ወዳለው የኤቲኤፍ መከታተያ ማዕከል ይላካል። እነሱ ከፋብሪካው ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ እየወረዱ ከሱቅ መጀመሪያ የገዛውን ሰው ያገኛሉ። መጀመሪያ የገዛው ጋሼ ናቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ በራቸው ቢንኳኳ፣ ሽጉጡ መቼ፣ በየትኛው ሱቅ በኩል፣ ለማን እንደሄደ የሚያሳይ ወረቀት ከመሳቢያቸው ማውጣት አለባቸው። ትንሹ ልጅ የሚከፍተው መሳቢያ ባይሆን ይመረጣል።

ስለዚህ በእንግሊዝኛ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር። ቀን፣ የሱቁ ስም፣ ሞዴል፣ ከብረቷ ላይ የተገለበጠ ቁጥር፣ 420 ዶላር፣ ካዝና እንዳልተካተተ፣ የሁለቱ ፊርማ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አላስገባሁበትም፤ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ምንም ሥራ የለውም። ከሱቁ ደረሰኝ ጋር አያያዝነው፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቅጂ።

ጋሼ ግን ፓርኪንጉ ላይ የአማርኛውን ውል ከኪሳቸው አወጡ። ካዝናዎቹ ከቤት ተመልሰው አብረው መጥተው ኖሮ አብረው ተንኳኩ፤ ያንን ኮት አውልቀውት አያውቁም መሰለኝ። ወረቀቱን መኪናው ኮፈን ላይ ዘርግተው «ከሦስት ካዝና ጋር» የሚለውን ሰረዙ፣ ጎኑ ላይ ፈረሙ። 450ን ሰርዘው 420 አሉ፣ በአሃዝም በፊደልም። የባርኮዱን ቁጥር ሰርዘው ትክክለኛውን፣ አሁን መነጽራቸውን አድርገው፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።

«ገደቡስ ይውጣ?» አልኳቸው። «ዕቃው ተሰጥቷል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ማን ምን ያፈርሳል?»

«ገደብ የሌለው ውል ውል ነው እንዴ?» አሉና እስክሪብቶውን ለገዢው አቀበሉት።